የሰመጠች መርከብ ስም

ሕፃኑ ወንድሜ ክርስትና ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው ቤተሰባችን በመርከብ ምክንያት ተኳረፈ። ያውም ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ባሕር በሌለበት ከተማ።

ነገሩን ያመጣሁት እኔው ነኝ። ለትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አንድ ጽሑፍ ጽፌ፣ ሰልፍ ላይ አንብቤው ተጨብጭቦልኝ ነበር። በተለያየ ዘመን በአንድ ስም ስለተጠሩ የጦር መርከቦች ነው። የመጀመሪያዋ በሸራ የምትሄድ የእንጨት መርከብ ነበረች፤ ሰመጠች። ስሟን ለብረት መርከብ ሰጡት፤ እሷም በጦርነት ተመትታ ሰመጠች። ዛሬ ሦስተኛዋ በዚያው ስም ሚሳይል ተሸክማ ትዞራለች። "መርከብ ትሰምጣለች፣ ስም ግን አይሰምጥም" ብዬ ነው የጨረስኩት። ቤት ስደርስ ደስታዬ አላስቀምጥ ብሎኝ ለአባዬም አነበብኩለት።

አባዬ ሁለቴ አስነበበኝ። ከዚያ፣ በሕፃንነቱ የሞተብንን የወንድሜን ስም ለአዲሱ ልጅ እንስጠው አለ። በእኛ ዘንድ ከሞት በኋላ ለሚወለድ ልጅ የመካሻ ስም ይወጣለታል እንጂ የሟች ስም አይደገምም። እማዬ ልጁን እንዳቀፈች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ከአማኑኤል ከተማ የመጣችው አክስቴ ለድግሱ ሽንኩርት እየላጠች፣ እኛ እንኳን መርከብ ጀልባ ያላየን ሰዎች እዚህ ነገር ውስጥ ምን ቤት ነን ብላ ልታስቅ ሞከረች። የሳቀ የለም። አባዬ የሞተው ልጅ ስም አብሮት መቀበሩ እንደሚያንገበግበው ደጋግሞ ተናገረ። የክርስትና ስሙን ቄሱ ይሰጡታል፤ የቤት መጠሪያውን ግን ነገ ዘመድ ሁሉ ይጠይቃል። ዛሬ መቆረጥ አለበት።

እማዬ ሕፃኑን ከጡቷ አላቀቀችው።

"ልጄን ስጠራ ሌላ ልጅ አቤት እንዲለኝ ነው የፈለግኸው?"

ድምፅዋ ከፍ አላለም። የአክስቴ ቢላ ቆመ። አባዬ፣ ከጽሑፌ መልስ የማወጣለት ይመስል ወደ እኔ ዞረ። እዚያ ውስጥ ስለ መርከቦቹ እንጂ አብረዋቸው ስለሰመጡት ሰዎች አንድ መስመር የለም።

አባዬ ጋቢውን ሰበሰበ።

"በቃ፣ እሱ በስሙ ይረፍ። ለዚህኛው አንቺ አውጪለት" አላት።

"እሷ ታውጣለት፣ ጸሐፊዋ" አለች እማዬ በአገጯ እየጠቆመችኝ።

አክስቴ፣ ደግሞ አውሮፕላን እንዳትዪው አለችኝ።

ቃል የማይቸግረኝ ልጅ ሁሉም ጠፋብኝ። ሕፃኑን አየሁት። ማንንም አይመስልም። ጠጋ ብዬ አንድ ስም በእማዬ ጆሮ ሹክ አልኳት።  

"እስኪ ድገሚው" አለችኝ።

ጮክ ብዬ ደገምኩት። እማዬም ሕፃኑን በዚያ ስም ጠራችው።