ከኋላዬ የተቀመጠችው ሴት

ተልባ ሲታመስ የሚወጣው ሽታ ሌላውን ሰው ምን እንደሚያስታውሰው አላውቅም፤ እኔን ምጥ ያስታውሰኛል። ሰሞኑን ልጄ ቀኗ ስለደረሰ ተልባ እያመስኩላት ነበር። "እማዬ፣ ጤና ጣቢያ አንድ ሰው ይዘሽ ግቢ ብለውኛል፤ ማንን ልያዝ?" ስትለኝ ማማሰያውን ተውኩት። እኔም አንድ ጊዜ መርጬ ነበር።

በደርግ መጨረሻ ነው። ከላሊበላ በታች ባለች መንደር፣ በአሥራ ስምንት ዓመቴ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር። ባሌን ለውትድርና ወስደውታል፤ የምኖረው ከአማቴ ጋር ነው። ሌላው ሰው ሰማይ ሲጠራ ደስ ይለው ይሆናል፤ እኛ ያን ጊዜ ደመና ነበር የምንለምነው። ሰማዩ ከጠራ ቦምብ የሚጥል አውሮፕላን ይመጣል፤ አውሮፕላን ሲመጣ ሰው ሁሉ እግሬ አውጪኝ ብሎ ገደሉ ሥር ወዳለው ዋሻ ይሮጣል። ገበያ እንኳ የሚቆመው ሲመሻሽ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤት ቤት ተሰብስበን ጥጥ ስንፈትል ድምፁ መጣ። ሴቶቹ እንዝርታቸውን ጥለው በረሩ። እኔ ሆዴን ይዤ ጓሮ ተንበርክኬ ቀረሁ። እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚሳሱልኝ አማቴ ያስታወሱኝ ዋሻው ከደረሱ በኋላ ነው። አንድ እግር ጫማቸውን ጥለው፣ እያለቀሱም እየሳቁም ተመለሱ። አልተቀየምኳቸውም፤ ነፍስ ትጣፍጣለች። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ምጥ በያዘኝ ዕለት አውሮፕላን ቢመጣ ብቻዬን እቀራለሁ የሚል ፍርሃት ልቤ ውስጥ ገባ።

በእኛ አገር ከአዋላጇ ሌላ፣ ከኋላ ተቀምጣ ምጥ የያዛትን ሴት በደረቷ የምትደግፍ ትመረጣለች። አማቴ የመንደሩን ብርቱ ብርቱ ሴቶች እየጠሩ ማንን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። እኔ በልቤ የማየው ክንዳቸውን ሳይሆን እግራቸውን ነው። ሁሉም ሯጭ ናቸው።

"እኅትዎ ትያዘኝ" አልኳቸው።

እኅታቸው በልጅነቷ በኩፍኝ ጆሮዋ የጠፋ፣ ሳታገባ የቀረች ሴት ነበረች። ትናገራለች፤ ግን ድምፅዋን ስለማትሰማው ሹክ ያለች ሲመስላት ትጮሃለች። አውሮፕላን ሲመጣ አንዳችን እጇን እየጎተትን ነበር ዋሻ የምናስገባት።

"ኧረ ልጄ፣ ስትጮሂስ በምን ጆሮዋ ትሰማሻለች?" አሉኝ።

"አውሮፕላኑንም አትሰማም እኮ።"

አማቴ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉና ትክ ብለው አዩኝ። "ይህን ያህል ነው የፈራሽው?" አሉ። በማግሥቱ ሄደው በምልክት ነገሯት። ጥፍሯን ተቆርጣ፣ የታጠበ ነጠላ ለብሳ መጣች።

ምጡ የመጣብኝ ጠዋት ነው። ተልባ አጠጡኝ፤ ሆዴን ቅቤ ቀቡኝ፤ ሴቶቹ ዙሪያዬን ከበው "ማርያም፣ ማርያም" ይላሉ። እሷ ከኋላዬ ተቀምጣ በሁለት ጉልበቷ መሐል አስገባችኝ። ክንዷን ከጡቴ ሥር አዙራ ያዘችኝ። የሚገርመው፣ ምጡ ሲነሣ ሳልጮህ ታውቅ ነበር። ጠበቅ ታደርገኛለች፤ ሲያልፍልኝ ላላ ታደርገኛለች። ጩኸቴ አላስፈለጋትም።

ፀሐይ በበሩ ገብታ ምድጃው አጠገብ ስትደርስ ድምፁ መጣ። "ማርያም" የሚለው እመሐሉ ላይ ተቆረጠ። በሩ በሚወጡት ሴቶች ጨለመ፤ መልሶ ብርሃን ገባበት። አዋላጇም ሳትቀር ወጣች። የቀሩት አማቴ ናቸው፤ ምሰሶውን አቅፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ያን ጊዜ ጆሮዬ ሥር አንድ ድምፅ ተነሣ። "ማርያም፣ ማርያም።" ዜማ የሌለው፣ ልክ የሌለው፣ ቤቱን የሞላ ድምፅ። ሌሎቹ ጥለውት የሮጡትን እሷ አነሣችው። ከወንዙ ማዶ ቦምብ ወደቀ። ከጣሪያው ሣር አቧራ ረገፈ፤ በበሩ ብርሃን ውስጥ ቀስ እያለ ሲወርድ አሁንም ይታየኛል። በራሷ ራሴን ከለለችኝ። ክንዷ አልላላም። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሐል ተደነቅሁ፤ እመቤታችን ራሷ ቤቱ የገባች መሰለኝ። አማቴ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ተንበረከኩ፣ ልጄን ተቀበሉ። አሁን ማንን ልያዝ የምትለኝ ያችው ልጄ ናት።

ገንፎው ሲበላ ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። አማቴ ግን ጨዋታ አያልቅባቸውም፤ ጆሯቸውን እየነኩ እኅታቸውን "አንቺስ ታድለሻል፣ ምን ሰማሽና" አሏት።

እሷ የጣቷን ቅቤ ላሰችና መዳፏን መሬቱ ላይ አሳረፈች። "በዚህ በኩል ይመጣብኛል። ከእናንተ ቀድሞ። እናንተማ እጄን የምትጎትቱኝ ሁልጊዜ ዘግይታችሁ ነው።"

አማቴ በምልክት፣ ታዲያ ለምን አልሮጥሽም ብለው ጠየቋት።

"ጠርታኝ የለ?" አለች። "እኔን ለወሊድ ማን ጠርቶኝ ያውቃል?" ሹክ ያለች መስሏት ነበር።

በምጡ ያላለቀስኩትን ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ጦርነቱ አብቅቶ፣ ባሌም ተመልሶ ነበር። ቤቱ በሴት ጢም ብሏል፤ የሮጠም የለም። እሷ ግን ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አርፋ ነበር። ከኋላዬ የያዘችኝ ደኅና ሴት ናት፤ ብርቱ። ምጡ በመጣ ቁጥር ግን "አሁን ነው፣ ያዢኝ" ማለት ነበረብኝ።