ካሳውን ያሳሰረው ጥላሸት

ነጅሙዲን ሞተር ብስክሌት መጠገን ያስተማረው ሰው የለም። ጎማ በመለጠፍ ጀምሮ፣ የተጣለ ሞተር እየፈታና እየገጠመ ነው ባለሙያ የሆነው። ቆቦ ውስጥ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ በቆርቆሮ የከለላት ቦታ ነበረችው። እኔ ከፊት ለፊቱ ልብስ እሰፋ ስለነበር ሥራውን አይቼ አልጠግብም።

ሞተር ሲመጣለት ቀድሞ መፍቻ አያነሳም። ጎንበስ ይልና ጣቱን ጭሱ በሚወጣበት በማርሚታው አፍ ይከታል። ጣቱ ላይ የወጣውን ጥላሸት በአውራ ጣቱ አሸት ያደርጋል፣ ያሸተዋል፣ ከዚያ ይናገራል። ጥላሸቱ ቅባት ካለው ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ደረቅና ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ በደንብ አልተቃጠለም። ቡናማ ወይም ግራጫ ሲሆን ግን «ጤነኛ ነው፣ ምን አመጣህ?» ብሎ ባለቤቱን ያባርረዋል።

ነገሩ የሆነው በ1975 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ነፋሱ የማሽላ ማሳውን አፈር እያነሳ ከተማው ላይ ያፈስ ነበር። ካሳው የሚባል ጎረቤታችን ለአንድ መሥሪያ ቤት የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን አድርጎ በሞተር ወደ ቆላው ያመላልሳል። አንድ ቀን ከዋጃ ሳይደርስ ሞተሩ ጥቁር ጭስ እየተፋ ቆመበት። በረዶው ቀለጠ፣ መድኃኒቱ ተበላሸ፣ ከብት ይዘው ሲጠብቁ የዋሉ ባላገሮችም ወደየቤታቸው ተመለሱ። ሞተሩ በጭነት መኪና ተጭኖ ነጅሙዲን ዘንድ መጣ። ካሳውና የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ ይሁኔም አብረው መጡ።

ነጅሙዲን ያን ሰዓት ካርቡራተር በላምባ ሲያጥብ ነበር። እጁን በጨርቅ ጠረግ አድርጎ ጣቱን ማርሚታው ውስጥ ከተተ። ደረቅ፣ ከሰል የመሰለ ጥላሸት ወጣ። አሸተተው።

«ላምባ ላምባ ይላል» አለ፣ እንደ ልማዱ ከራሱ ጋር እንደሚያወራ ሰው።

ይሁኔ ሰማ። ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ጊዜ ነው። የመንግሥትን ቤንዚን ሸጦ በላምባ መተካት ስሙ አሻጥር ነበር። አሻጥረኛ ተብሎ የገባ ሰው ደግሞ መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም። ካሳውን ከቆመበት ወስደው አሰሩት። «እኔ? ላምባ?» እያለ ሄደ።

በማግስቱ ሚስቱ አስረሳሽ መጣች።

«ጋሽ ነጅሙ፣ ባለቤቴ ሌባ ነው?»

«ሌባ አላልኩም፣ እቴ። የሸተተኝን ነው የተናገርኩ።»

«የሸተተዎትን!» እጁን አየችው። «በዒድ ጊዜ ለልጄ ብስኩት ሰጥተዋት፣ ላምባ ላምባ ይላል ብላ ጣለችው። ያን ቀን አፍሬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ምን አሳፈረኝ? እርስዎ ያሸተቱት ካሳውን ነው ወይስ ራስዎን?»

ነጅሙዲን ከእኔ ሳሙና ለምኖ እጁን ያጥብ ጀመር። በሳሙና አጠበ፣ በአመድ ፈተገ፣ ደግሞ በሳሙና አጠበ። ከዚያ ጣቱን እንደገና ማርሚታው ውስጥ ከቶ እኔንም እሷንም አስሸተተን። የተቃጠለ ነገር ሽታ ብቻ ነበር።

«ላምባው የእኔ ነው» አለና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ጥላሸቱ ግን እዚያው ነበር፣ ጥቁር። ከወዴት መጣ? ነጅሙዲን ተነስቶ የአየር ማጣሪያውን ክዳን ፈታ። ማጣሪያው አፍ ላይ ሁለት እጥፍ የተደረገ ሻሽ በቃጫ ታስሮ፣ አፈር ጠጥቶ ጭቃ መስሎ አገኘነው።

«ይቺ የእኔ ሻሽ ናት» አለች አስረሳሽ። «ነፋሱ ሲበረታ እሱ አፉን በነጠላ ይሸፍናል። ለእሷስ ማን አላት፣ አፈር እየዋጠች እኮ ነው፣ ብሎ ወሰደብኝ። እኔ ለልጃችን መስሎኝ፤ ለሞተሩ መሆኑን መቼ አወቅሁ?»

የቆላ ሰው አቧራ ሲነሳ ለራሱ የሚያደርገውን ካሳው ለሞተሩ አድርጎላት ነበር። ነጅሙዲን ሻሹን በጣቱ አንጠልጥሎ አየው። «አየር ሲያንሳት ቤንዚኑን ጥሬውን ትተፋዋለች። ጥላሸቱ ይኸው ነው» አለ።

ወደ ይሁኔ ሊሄድ መሆኑን ሳውቅ እጅጌውን ያዝኩት። «ተሳስቻለሁ ብትላቸው አንተን ነው የሚይዙህ። ጥቂት ቀን ብንጠብቅስ?»

«እዚያ ውስጥ ሆኖ የሚጠብቀው ካሳው አይደለም?»

ለጁምዓ የሚያደርጋትን ነጭ ቆቡን ከቤቱ አመጣ፤ ሞተሩንም ካሳው ወደታሰረበት ግቢ እየገፋን ወሰድነው። ይሁኔ በረንዳው ላይ ሆኖ ሰማን።

«ትናንት ላምባ፣ ዛሬ ሻሽ። ነገ ደግሞ ምን ታመጣልን ይሆን?»

«ነገ ምንም አላመጣም፣ ጓድ። የዛሬን ብቻ ይዩልኝ።»

ማርሚታውን በሽቦ ጠርጎ አጸዳ። ሻሹን መልሶ አስሮ ሞተሩን አስነሳ፣ ቆቡንም በእንጨት ይዞ ጭሱ ላይ ደቀነ። ሲያነሳው አንዱ ጎን የድስት ቂጥ መስሏል። ቀጥሎ ሻሹን ፈታ፣ ማርሚታውን ደግሞ ጠረገ፣ የቆቡን ሌላ ጎን አዙሮ ደቀነ። ሞተሩ ድምፁ ጠራ። ቆቡ ላይ የቀረችው ሻይ የነካው የመሰለች ቡናማ ምልክት ናት። ቤንዚኑ ያው ከዚያው ከሞተሩ ጋን ነው።

ይሁኔ ቆቡን ተቀብሎ እያገላበጠ ቆየ።

«እንግዲያው ትናንት የሐሰት ቃል ሰጥተሃል።»

«የስህተት ነው።»

«ለእኛ አንድ ነው።»

ካሳው በወጣበት በር ነጅሙዲን ገባ። ያን ማታ ለጸሎት ስቆም ከምስጋናው ልጀምር ወይስ ከልመናው ግራ ገባኝ። ሁለቱንም ቀላቅዬ ተናገርኩ፤ ሰሚው ይለየዋል ብዬ።

ዝናቡ ገብቶም የቆርቆሮዋ ደጅ ተዘግታ ከረመች። አስረሳሽ ሥጋ ባልነካው ድስት ሽሮ እየሠራች ካሳው በየቀኑ እስር ቤት ያደርስለት ነበር። ነጅሙዲን የወጣው ክረምቱ ሲጠነክር ነው። ከስቶ ነበር፣ ሳልም ይዞታል፣ ግን ወጣ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ካሳውም ሥራውን አልተቀማም፤ ሆኖም ሞተሩ ትንሽ ባጨሰ ቁጥር ወርዶ ማጣሪያውን ይፈትሽ ነበር።

ነጅሙዲን ደጁን በከፈተ በሳምንቱ ካሳው ሞተሩን እየገፋ መጣ። ነጅሙዲን ብድግ አለና ለጸሎት እንደሚታጠብ ሰው እጁን እስከ ክንዱ በሳሙና አጠበ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ማርሚታው ውስጥ ከተተ።

«ምን ይላል፣ ጋሼ?» አለ ካሳው።

ነጅሙዲን ጣቱን ወደ አፍንጫው አላመጣም። ወደ ካሳው ዘረጋለት።

«አንተ አሽትተህ ንገረኝ።»

ካሳው አጎንብሶ አሸተተ። «ሳሙና ሳሙና ይላል» አለ።