በብብቴ የቀረው ጠፍር

ባለፈው ጥር የጎረቤቴ ልጅ ጀማል አንድ አሮጌ ላንድሮቨር አስጎትቶ ደጄ ድረስ አመጣ። ባጃጅ በሞላባት ከሚሴ እንዲህ ያለ መኪና ብርቅ ነውና መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር። ለሰርግ ሊያከራየው አስቦ ኖሯል። የዛሬ ሙሽሮች አዲሱን መኪና ንቀው አያቶቻቸው የተንገላቱበትን ይፈልጋሉ።

«ጋሽ ዑመር፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ኮፈኑ ብቻ በዝገት አልቋል፤ እሱን ቀይርልኝ» አለኝ።

የሞተሩን ክዳን ቀየርኩለት። ሁለት ቀን የማይሞላ ሥራ አራት ቀን ፈጀብኝ። የኋላ ማጠፊያዎቹን በአዲስ ብሎን አሰርኩ፣ የፊቱን መንጠቆ አስተካክዬ በየድኩ፣ አልበቃ ብሎኝ በግራና በቀኝ የቆዳ ማሰሪያ ጨመርኩበት። ከዚያም ጀማልን ክፈት፣ ዝጋ፣ እንደገና ክፈት እያልኩ አደከምኩት። ልጁ ጨዋ ነውና ፊት ለፊቴ ያልኩትን ሁሉ ፈጸመ። ኋላ ግን ለጓደኛው «ሽማግሌው የሚሠሩት ኮፈን ነው ወይስ የባንክ ካዝና?» ሲል ሰማሁት። አልተቀየምኩም። ከየት ያውቃል?

ነገሩ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ዓመት ላሜራ ስቀጠቅጥ ቆይቼ ወደ ከሚሴ የተመለስኩት በዚያው ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ለባትላሜራ ምንም አይደለም፤ ለኔ ግን ከኔ በላይ ባለሙያ ላሳር ያስባለኝ ነበር። ታናሽ እህቴ ዘሐራ ለአንድ የሰንበቴ ከተማ ከብት ነጋዴ ልጅ ታጭታ ሰርጓ ተቆርጧል። ዘሐራ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ነገር የማያመልጣት ልጅ ነበረች። እቤት ውስጥ መርፌ እንኳ ቢጠፋ የሚጠየቀው እሷ ዘንድ ነው። ልጁን ወዳዋለች። አፍ አውጥታ ባትናገረውም የሰንበቴ ሰው በደጃችን ባለፈ ቁጥር ሥራ ፈጥራ ስትወጣ እናቴና እኔ እንሳሳቅባት ነበር።

ከዘመድ መካከል መኪና የነበረው የአባቴ ወንድም፣ አጎቴ ሰይድ ብቻ ነው። እህል የሚያመላልስበት፣ ያኔም ያረጀ ላንድሮቨር ነበረው። ትርፍ ጎማው ኮፈኑ ላይ ይቀመጣል። ሰርጉ አሥር ቀን ሲቀረው ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ኮፈኑን ከነጎማው ጨፈለቀው። አጎቴ ሙሽራዋን በሱ መውሰዱን ሊተወው ሲል እኔ አለሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። እህቴን የሚወስደው መኪና በእጄ ሥራ አምሮ ሰንበቴ ሲገባ ይታየኝ ነበር። ኮምቦልቻ ሄጄ ከወደቀ መኪና ላይ ሌላ ኮፈን ፈትቼ አመጣሁ።

ያመጣሁት ኮፈን ጎማ የሚሸከመው ዓይነት አልነበረም፤ ቀላል ነው። የድሮው መንጠቆው ቢላላ እንኳ የጎማው ክብደት ተጭኖ ይይዘው ነበር። ይኸኛው ነፋስ ከሥሩ ከገባ የሚነሳ ነው። በዚያ ላይ የፊቱ መንጠቆ ከመያዣው ጋር አንድ ጣት ያህል አይገናኝም። ቆርጦ መበየድ ነበረበት። እኔ ግን ቀኑን ሁሉ ያጠፋሁት በቀለሙ ላይ ነው። ስቀባ፣ ሳሻሽ፣ እንደገና ስቀባ ሰርጉ ደረሰ። የሚታየውን አሳመርኩና የሚይዘውን ለነገ አልኩ።

የሰርጉ ዕለት ማለዳ መንጠቆውን በአንድ ነጠላ ሽቦ አሰርኩት። ሽቦው እንደማይበቃ አውቄያለሁ። ሐሳቤ ከላዩ በበሬ ቆዳ ጠፍር ከፊት መከላከያው ጋር ጥፍር አድርጎ ማሰር ነበር። ሙሽራውና አጃቢዎቹ ደርሰው፣ ቅቅሉ ተበልቶ፣ ቀሪቦው ተጠጥቶ ሰው ለመነሳት ሲያኮበኩብ አጎቴ ከሙሽራው አባት ጋር ወደ መኪናው መጣ።

«ዑመር፣ አለቀ?» አለኝ።

«አልቋል» አልኩት።

በእንግዳ ፊት አላለቀም ማለት ሞት መስሎ ታየኝ። ሹልክ ብዬ ገብቼ ጠፍሩን አምጥቼ ማንም ሳያየኝ ላስረው ነበር። ጠፍሩን ከጓዳ ፈልጌ ስወጣ ዘሐራ ተሸፋፍና ከኋላ ተቀምጣለች፣ ሞተሩ ተነስቷል፣ ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀምረዋል።

«መንገዳችሁን ያቅናው።»

«አሚን።»

«ትዳራችሁን የበረካ ያድርገው።»

«አሚን።»

ጠፍሩን ብብቴ ሥር ወሽቄ እኔም እጄን ዘረጋሁ። እኔም አሚን አልኩ። በኛ ቤት ደንብ ዱዓ ተደርጎለት የተነሳ ሙሽራ አይቆምም፣ ወደ ኋላም አይመለስም፤ ከቆመ ገዱ ይሰበራል ይባላል። ሼሁ ፊታቸውን በመዳፋቸው እንዳበሱ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ድቤው ተመታ፣ አጎቴም «ቢስሚላህ» ብሎ ነዳው። «ቁም» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዋጥኩት።

እኔ ከኋላ ከአጃቢዎቹ ጋር በሚኒባስ ተከተልኩ። የጨፋ ሜዳ በዚያ ወራት ደስ ይላል። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ክምር ነው፣ ሣሩ ገና አልደረቀም፣ የአፋር ግመሎች ለግጦሽ ወጥተው መንገዱ ዳር ተኮልኩለው ያያሉ። ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም ይዘፍናል። እኔ የፊተኛውን መኪና ኮፈን ለማየት አንገቴን ሳሰግግ አንዷ አክስቴ «እህቱ ሄደችበት፣ ሆዱ ባባ» ብላ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ጨፋ ሮቢት ሳንደርስ ኮፈኑ ብድግ ሲል አየሁት። ተገልብጦ ከፊት መስታወቱ ጋር ተላትሞ ሰበረው። አጎቴ የሚያየው ጠፍቶት ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አለና መኪናው ቦይ ውስጥ ገባ። ሮጬ የደረስኩት መጀመሪያ እኔ ነኝ። የፊት ወንበር ላይ የነበሩት የሙሽራው አባት ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ኢጃ ኮ፣ ኢጃ ኮ» ይሉ ነበር። ዓይኔን፣ ዓይኔን ማለታቸው ነው። በጣቶቻቸው መካከል ደም ይወርዳል። ዘሐራ በኋላ በር ወጥታ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላለች፤ አልተጎዳችም።

ያኔ ያደረግኩትን እነሆ እናገራለሁ። ሽማግሌውን ከማንሳቴ በፊት ከመንጠቆው ላይ የተንጠለጠለውን የሽቦ ቁራጭ ነቅዬ ወደ ሣሩ ወረወርኩት።

ሰውዬው ቀኝ ዓይናቸው ጠፋ። በሬ ዓይተው ዕድሜውንና ጉልበቱን የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ሽማግሌ ተሰብስቦ ምን ሆነ ሲባል አጎቴ ነፋስ ነው አለ። ወንዶቹ የአላህ ቀደር ነው አሉ። ሴቶቹ ደግሞ ቀስ እያሉ የሙሽራዋ ገድ ነው አሉ፤ ደጃችን ሳትደርስ የአባወራውን ዓይን አጠፋች፣ ስትገባማ ምን ልታመጣ ነው ተባለ። ሁሉም የሚያላክክበት አገኘ። እኔ ላይ ያላከከ አልነበረም።

በሦስተኛው ወር ዘሐራን ልጠይቅ ሰንበቴ ሄድኩ። ልነግራቸው ነበር የሄድኩት፤ መንገድ ሙሉ ቃሉን ስደረድር ነበር። አባትየው አንድ ዓይናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ደጅ ተቀምጠዋል። በትህትና ሰላም አሉኝ፣ እርጎ አስቀረቡልኝ፤ ያሰብኩትን ሳልናገር እርጎዬን ጠጥቼ ተነሳሁ። ላም ስትወልድ ዘሐራ ወደ በረት እንዳትደርስ ከልክለዋት እንደነበር የሰማሁት ያን ዕለት ከጎረቤት ነው። ስመለስ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። መኪና እስኪመጣ አጠገቤ ቆመች።

«አያ፣ ሌላ የምትለው የለህም?» አለችኝ።

«የለኝም። አይዞሽ፣ ሰብር አድርጊ» አልኳት።

በስምንተኛው ወር ተፈታች። ባሏ እያለቀሰ ነው የፈታት ይባላል፤ እናቱ አስጨንቃው። ከዚያ በኋላ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ገደ ቢስ የተባለች ሴት ስሟ ከሷ ቀድሞ ይደርሳል። ወላጆቻችን ሞተው እሷ በቤታቸው ቀረች። በርበሬና ቅመም እየነገደች ማንንም ሳታስቸግር ኖረች።

የጀማልን መኪና ጨርሼ በሰጠሁ ማግስት ወደሷ ሄድኩ። ምስር ትለቅም ነበር። ዙሪያ ጥምጥም ሳልል ኮፈኑን ሳላስረው የለቀቅኩት እኔ ነኝ አልኳት። እጇ ከሰፌዱ ላይ አልቆመም።

«አውቃለሁ። ሽቦውን ስትወረውር አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? ጉዷን በወንድሟ አላከከች ነው የሚሉኝ። ካንተ አፍ እስኪወጣ ጠበቅኩ። ሰንበቴ የመጣህ ዕለት መጣልኝ ብዬ ነበር።»

«አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ዘሐራ።»

«ለኮፈኑ ያኔውኑ አፉ ብዬሃለሁ። ሰው ይስታል። ስለ ሌላው አትጠይቀኝ፣ አያ።»

ከዚያ ተነስታ ምሳ አቀረበችልኝ። በላሁ። ምን አደርጋለሁ?

እውነት ብናገር ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። ዓይናቸው የጠፋው ሰውዬና ሚስታቸው ሞተዋል፣ ባሏ የነበረው ልጅ ሌላ አግብቶ የልጅ ልጅ አይቷል፤ የምነግረውም የሚሰማኝም የለም። እህቴ ከኔ የፈለገችው አንድ ቃል ነበር፣ ለዚያውም በጊዜው። ከከሚሴ በማለዳ የተነሳ ሰው ሰንበቴ ደርሶ፣ ያለውን ተናግሮ፣ ለምሳ ቤቱ ይመለሳል። ስምንት ወር ሙሉ መንገዱ ክፍት ነበር።