ከወይዘሮ ጤናዬ ጋር የሚበሉ ሰዎች

አቶ ገዳሙ በደብረ ማርቆስ በአንድ ሲኒማ ቤት ሠላሳ ዓመት ፊልም ሲያሳዩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ከድሮዎቹ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች መካከል አብልጠው የሚወዱት ማዕድ የሚቀርብባቸውን ነበር። የሰው ጠባይ ከንግግሩ ይልቅ በአጎራረሱ ይታወቃል ባይ ናቸው።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጤናዬን የመርሳት ሕመም ከያዛቸው ሁለት ዓመት ሆነ። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ረኃብንም ረሱ፤ እህል ሲቀርብላቸው አፋቸውን ይገጥማሉ። ሐኪሙ «ካልበሉ ብዙ አይቆዩም» ብሏል። አንድ ቀን ግን በቴሌቪዥኑ የድሮ ፊልም ተከፍቶ ሳለ፣ አንድ ቤተሰብ ገበታ ከብቦ መብላት ሲጀምር፣ እሳቸውም እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ። ማዕድ ላይ ሰው ሲበላ ዝም ብሎ ማየት ነውር መሆኑን አልረሱም ነበርና። ከዚያ ወዲህ ምሳቸውን ከእነዚያ ሰዎች ጋር ይበሉ ጀመር።

ሁዳዴ ገባ። ሰኞ ዕለት አቶ ገዳሙ የሽሮ ፍትፍት አቅርበው ፊልሙን ከፈቱ። የፊልሙ አባወራ የተጠበሰውን ዶሮ መቁረጥ ሲጀምር፣ የልጆቻቸው ስም የጠፋቸው ሴት ጾሙ አልጠፋቸውም፤ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

«በጾም? እነዚህ ሰዎች አያፍሩም?»

«ፋሲካ ነው፣ ጤናዬ።»

«ፋሲካ ከሆነ ለምን አላስቀደስንም? አንተ ደግሞ በስተርጅና መዋሸት ጀመርህ።»

በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባታቸው ቄስ ገብረ ሚካኤል መጥተው፣ ሕመምተኛ ጾም እንደማይገደድ በዝግታ አስረዷቸው፤ መስቀልም አሳለሟቸው።

«እሺ አባ፣ እኔን ይፍቱኝ። እነዚያንስ ፈትተዋቸዋል?»

ቄሱ ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን ተመለከቱ።

አቶ ገዳሙ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ፊልም ከሚጭነው ሱቅ ፍላሽ እያስሞሉ የጾም ማዕድ ፍለጋ ሁለት ቀን ሲመረምሩ ሰነበቱ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ አይብ፤ ሌላ የለም። በመጨረሻ አንድ ምስኪን ብቻውን ደረቅ ዳቦ የሚበላበትን አገኙ። ሰውየው ሦስት ጊዜ ጎርሶ ይነሣል። ወይዘሮ ጤናዬም ሦስት ጊዜ ጎርሰው እጃቸውን ለመታጠቢያ ዘረጉ። ፊልሙን ቢደግሙላቸው «አሁን በልቶ አልነበር? ምን ነካው» ብለው ሳህኑን ገፉት።

በማግሥቱ ሰውየው የመጀመሪያውን ቁራሽ ወደ አፉ ሲያስጠጋ አቶ ገዳሙ ፊልሙን አቆሙት። እንዲህ ከሆነ ከገበታው አይነሣም ብለው ነበር። ወይዘሮ ጤናዬ አንድ ጉርሻ አንሥተው በእጃቸው ይዘው ቀሩ።

«ብዪ እንጂ፣ ጤናዬ።»

«እንግዳው ሳይጎርስ?»

ፍትፍቱ ቀዘቀዘ። አቶ ገዳሙ ሪሞቱን ቢጫኑት ሰውየው ሦስቴ ጎርሶ እንደሚነሣ፣ ጤናዬም አብረው እንደሚያቆሙ ያውቃሉ፤ አልተጫኑትም። ወይዘሮ ጤናዬም በትዕግሥት ይጠብቃሉ።