ገመድ ወይስ ጥይት

የያዙኝ ወሬ አወራህ ብለው ነው። ወሬው እውነት ነበር። ከሲዳማ በላይ ባለው ጫካ ውጊያው አልቆመም፤ እኔም ይህንኑ ከአጎቴ ሱቅ ጨው ሊገዛ ለመጣ ሰው ነገርኩት። በማግስቱ አንድ የጣሊያን የበታች ሹምና ሁለት አስካሪ የሚባሉ የቅኝ ግዛት ወታደሮች መጡ። ስሜን ሳይጠይቁ ኮቴ የት እንዳለ ጠየቁ። መጀመሪያ ኮቱን ወሰዱ፤ ቀጥሎ እኔን።

እስር ቤት ብለው የሚጠሩት ዲላ ገበያ ዳር ያለ የቡና መጋዘን ነበር። ባለቤቱ ሸሽቷል፤ ቡናውን ጭነው ወስደውታል። የቀረው ገለባው ነው። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ደረቅ የቡና ገለባ ወለሉን ሞልቶታል፤ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አቧራው ይነሳና ጉሮሮ ይይዛል። ብርሃን የሚገባው በጣሪያውና በግድግዳው መሃል ባለችው ክፍተት ብቻ ነበር። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ለጊዜው ምንም አላየሁም። ሳል ሰማሁ። ከዚያ አንድ ሰው ጥግ ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ረጅም፣ ሽበት የጀመረው ሰው ነው። የተቀመጠው በደረቀ የእንሰት ቅጠል ላይ ነበር። ተነሣና አጠገቡ ያለውን ገለባ በመዳፉ ቀስ ብሎ ጠርጎ ገለል አደረገው።

«ተቀመጥ ልጄ። እዚህ አቧራው ያንሳል» አለኝ።

ከዲላ በላይ ካለው ከቡሌ ደጋ የመጣ ሰው ነው፤ የጌዴኦ ገበሬ። ዲላ ያደግሁ በመሆኔ ቋንቋውን እችላለሁ፤ እሱ ግን አማርኛውን እያሰበ፣ እየቆጠበ መናገሩን መረጠ። ምን አድርገው ታሰሩ አልኩት።

«የስልክ ሽቦ በእንሰቴ መሃል አሳለፉ። ሽቦው ጥሩ ነው፤ ጠንካራ ነው። ቆረጥኩና አጥሬን አሰርኩበት።»

«ከዚያስ?»

«መልሰው ዘረጉት።»

«ከዚያስ?»

«አጥሩ ገና አላለቀም ነበር።»

የጦር ፍርድ ቤቱ አንድ ስኒ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሞት ፈረደበት። በምን እንደሚሞት ግን አልወሰነም ነበር፤ የዚህ ትዝታ ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የዲላው ካፒቴን ራሱን ጨዋ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ነበር። መጋዘኑን ሊጎበኝ ሲመጣ እንዴት አደራችሁ ይላል፤ መልሱን ሳይሰማ ይወጣል። ስለ አገሩ ልማድ ከመጻሕፍት እንዳነበበ ለሁሉም ያወራ ነበር። ይህ ሰው አንድ ቀን ሕዝቡ ይጠየቅ አለ። ይሙት ወይስ አይሙት ማለቱ አይደለም። ሞቱ አስቀድሞ ተወስኗል። ለሕዝቡ የተተወው ምርጫ ገመድ ወይስ ጥይት የሚለው ነው። ይህንን ሥልጣኔ ይለው ነበር።

የከተማውን መልስ ያመጣልን ሦስተኛው እስረኛ ነው። ከጉራጌ የመጣ ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ የጣሊያኑን ሊሬ አልቀበልም፣ ጠገራ ብር አምጡ ብሎ ነው የታሰረው። አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ገና አቧራውን ሳያራግፍ የካፒቴኑ አስተርጓሚ በየሱቁና በየጠጅ ቤቱ እየዞረ ሲጠይቅ መሰንበቱን ነገረን። ጠጅ ቤት የተቀመጡት ገመድ ይሻላል ብለዋል፤ ስለሚታይ። ከገበያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው ጥይት ይሁን፣ ግን ከከተማ ውጭ፣ በገበያ ቀንም አይሁን ብለዋል። አንዱ ደግሞ ሁለቱም ይቅርና ወንዝ ይጣል ብሏል። ይህ ሰው በሕይወቱ ሰው ሲሰቀልም ሲረሸንም አይቶ አያውቅም። ቢሆንም እንደ ሌሎቹ ሁሉ ሐሳብ አላጣም። አቡጀዲ የሚመርጥ ሰው እንኳ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

«አይሙት ያለ ሰው አልነበረም?» ብዬ ነጋዴውን ጠየቅሁት።

ትንሽ አሰበ። «እንደዚያ ተብሎ አልተጠየቀም» አለኝ።

ከዚያ የራሱን አስተያየት ቀጠለ። ጥይት ለወንድ ልጅ ክብር ነው፣ ገመድ ግን የሌባ ሞት ነው፣ ደግሞም ገመድ አንዳንዴ ይበጠሳል አለ። የአንገትን ነገር በእጁ እያሳየ ሲያስረዳ ሟቹ ከፊቱ እንደተቀመጠ የረሳ ይመስል ነበር። የቡሌው ሰው ሲያዳምጠው ቆይቶ አቋረጠው።

«ስትጨርስ ንገረኝ፤ እኔንም የትኛው ይሻልሃል ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አይጠፋኝም።»

ነጋዴው አፈረ። ምሳችን እስኪመጣ ዝም አለ። ከምሳ በኋላ ግን ስለ ገመዱ ውፍረት የሰማውን ማውራት ጀመረ።

በዚያው ከሰዓት በኋላ አስካሪው በሩን ከፍቶ ጠራኝ። አስተርጓሚው ወባ ይዞት ተኝቷል። እኔ ከጦርነቱ በፊት ለአንድ ጣሊያናዊ የቡና ነጋዴ ጸሐፊ ሆኜ ስለሠራሁ ቋንቋውን እንደማውቅ ሰምተዋል። ነገ ሶንጎ ላይ ታስተረጉማለህ ተባልኩ።

ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት ቦታ ነው። ዛፍ ጥላ ሥር በድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ እዚያ ውሸት አይነገርም። ካፒቴኑ የከተማውን አስተያየት ከሰበሰበ በኋላ አልበቃው ብሎ፣ ፍርዱ የሽማግሌዎቹ እንዲባል ፈለገ። በአንዱ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ሶንጎ አንብቧል። ምን እንዳላነበበ ደግሞ በማግስቱ ታየ።

ለቡሌው ሰው ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። በራሱ ቋንቋ ተናገረኝ።

«ሞቱ የጣሊያኖቹ ነው፤ እሱ አያስጨንቀኝም። የእኛ ሽማግሌዎች ገመድ ካሉ ግን ደሜ በእነሱ ቤትና በእኔ ቤት መሃል ይገባል። ልጄ የእነሱን ልጅ አያገባም። ከአንድ ምንጭ አይቀዱም። እኔ በአንድ ቀን እሞታለሁ፤ ይሄኛው ቂም ግን አያልቅም።»

«እኔ ምን ላድርግ አባ?» አልኩት።

«ያልተባለ አትበል።»

ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

በማግስቱ ወደ ሶንጎው ሲወስዱን ሰዉ ቀድሞን ደርሷል። የከተማው ሰው ጥሩ ቦታ ለመያዝ በጠዋት ወጥቷል። ጃንጥላ የያዘ አለ፤ መቀመጫውን ከቤቱ ያመጣ አለ፤ ልጁን ትከሻው ላይ የጫነ አለ። አንዲት ሴት የተጠበሰ በቆሎ ትሸጣለች፤ ገበያዋ ደርቶላታል። ሽማግሌዎቹ ከየመንደራቸው በባንዳ ተጠርተው በዛፉ ሥር በየድንጋያቸው ተቀምጠዋል። ካፒቴኑ ተጣጣፊ ወንበር አስመጥቶ ከመሃላቸው ገባ።

የቡሌው ሰው እጁ ወደ ኋላ ታስሮ ከፊታቸው ቆመ። ካፒቴኑ ተናገረ፤ እኔ ወደ ጌዴኦኛ መለስኩ። መንግሥቱ ልማዳችሁን ያከብራል፤ ይህ ሰው ሞት ተፈርዶበታል፤ በገመድ ይሁን ወይስ በጥይት፣ በወጋችሁ መሠረት እናንተ ተናገሩ። ቃሉን አልቀነስኩም፤ አልጨመርኩምም።

ከሁሉም የሚበልጡት ሽማግሌ ዓይናቸው የደከመ ሰው ነበሩ። ሰምተው ሲጨርሱ ከተቀመጡበት ድንጋይ ትንሽ ገለል አሉ። የተከሰሰ ሰው በሶንጎ የሚቀመጠው ከፊት ለፊት ነው፤ እሳቸው ግን ከጎናቸው ቦታ ለቀቁለት። የቡሌው ሰው ሄዶ ተቀመጠ። አስካሪዎቹ ካፒቴኑን አዩ፤ ካፒቴኑ በእጁ ተዉት አለ። ወጉ ይህ ነው ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

«በልተሃል?» አሉት ሽማግሌው።

«አልበላሁም።»

ከጋቢያቸው ሥር በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አወጡ። እጁ የታሰረ ስለሆነ እየቆረሱ አጎረሱት። ቀስ ብሎ አላመጠ፤ እሳቸውም እስኪውጥ እየጠበቁ ደገሙት። በቆሎ የሚግጠው ሰው ሳይቀር መጋጡን ተወ።

«ምን አሉ?» አለኝ ካፒቴኑ።

«በልተሃል ወይ ብለው ጠየቁት።»

«ሌላስ?»

«አልበላሁም አላቸው።»

ጠበቅን። ደመናው ከቡሌ በኩል እየጠቆረ መጣ። ካፒቴኑ ሰዓቱን አውጥቶ አየና ለምን አይጀምሩም አለኝ። በሶንጎ ነገር የሚከፈተው ታላቁ ሽማግሌ ሲመርቁ ነው፤ ሳይመረቅ ማንም አፉን አይከፍትም አልኩት። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ አልነበረም።

«እንግዲያው ይመርቁ፤ ንገራቸው።»

ነገርኳቸው። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«ምኑን?» አሉኝ።

ይህንንም ለካፒቴኑ ተረጎምኩለት። ሽማግሌዎቹ አላጉረመረሙም፤ አልተቆጡም፤ እርስ በርሳቸውም አልተያዩም። ያላስጀመሩትን ስብሰባ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ካፒቴኑ በገዛ ራሱ ግብዣ፣ በገዛ ራሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ወግ አከብራለሁ ባለበት አፉ ወጉን መጣስ አልቻለም። ያን ጊዜ ያዘንኩለት መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ንቀት ነበር።

በመጨረሻ ተነሣና ጆሮዬ አጠገብ መጣ። ድምፅህን ከፍ አድርገህ ለሕዝቡ ንገር፤ ሽማግሌዎቹ በገመድ ይሁን ብለው ፈርደዋል በል አለኝ።

የቡሌው ሰው ጣሊያንኛ አያውቅም። ቢሆንም ያየኝ ነበር።

ወደ ሕዝቡ ዞርኩ። መጀመሪያ በጌዴኦኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ እንዲህ አልኩ።

«ካፒቴኑ፣ ሽማግሌዎቹ በገመድ ይሁን ብለዋል በል ብሎኛል። ሽማግሌዎቹ ምንም አላሉም።»

ጋዜጠኛ ከሆንኩ ወዲህ ብዙ ዜና ጽፌያለሁ። ማን እንዳለ፣ ምን እንዳለ፣ ያላለውን ደግሞ አላለም ብሎ ማስፈር የሥራው ሀሁ ነው። ከዚያኛው የተሻለ ዜና ግን አልጻፍኩም።

አጠገቤ የቆመው አስካሪ የሐማሴን ሰው ቢሆንም አማርኛ ይሰማል። ቀበቶውን አስተካከለ፤ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ሄዶ ለካፒቴኑ ነገረው። ሥራውን ሠራ። የጠመንጃው ሰደፍ አፌን ሲያገኘው ዝናቡ ጀመረ። የከተማው ሰው ጃንጥላውን እየዘረጋ፣ መቀመጫውን እየተሸከመ ወደ ቤቱ ሮጠ። እየተነጫነጨ ነበር። የተነጫነጨው በዝናቡ ነው፤ ያሰበውን ሳያይ በመቅረቱ ነው። በሌላ ነገር የተቆጣ ካለ አላየሁም።

ሽማግሌዎቹ አልሮጡም።

መጋዘን ስንመለስ ነጋዴው የጥምጥሙን ጫፍ በውሃ አርሶ የአፌን ደም ጠረገልኝ፤ ያን ቀን ብዙ አላወራም። የቡሌው ሰው ማታ ላይ ጠየቀኝ።

«ሰዉ ሁሉ ሰማ?»

«ሰማ። በሁለቱም ቋንቋ ነው ያልኩት።»

«በቃ» አለ። ከዚያ ተኝቶ፣ እንደምጠረጥረው፣ ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደው።

ለፍርዱ ብለው አስቀድመው ገበያው መሃል ያቆሙት መስቀያ እንደቆመ ቀረ። መስቀያ ተመልካች ይፈልጋል፤ ካፒቴኑ ደግሞ ከዚያ በኋላ ተመልካች አልፈለገም። በማግስቱ ጠዋት ሊወስዱት መጡ። የቡሌው ሰው ወታደሩን በእጁ ምልክት ጠብቀኝ አለው፤ ወታደሩም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጠበቀው። የተኛበትን የእንሰት ቅጠል አራግፎ ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የተቀመጠበትን ቦታ ገለባ በመዳፉ ጠረገ፤ የገባሁ ዕለት ለእኔ እንደጠረገው፣ ሳይቸኩል፣ አቧራ ሳያስነሳ። ለሚቀጥለው ሰው ነው። ቀና ብሎ ወጣ።

የገደሉት ከመጋዘኑ ጀርባ በጥይት ነው። ነጋዴው ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የትኛው ሞት እንደሚሻል ሲናገር አልሰማሁትም። ካፒቴኑ ፍርዱ በአገሩ ሽማግሌዎች ስምምነት ተፈጸመ ብሎ አስነገረ። ዲላ ውስጥ ያመነ አልጠፋም። ቡሌ ውስጥ ግን አንድ ሰው እንኳ አላመነም፤ ሶንጎ ላይ የተባለውን ሰምተዋልና።

ከእስር ከወጣሁ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በቅርቡ፣ የምሠራበት ጋዜጣ አዘጋጅ፣ ወጣትና ትጉ ሰው ነው፣ አንድ ጥያቄ አዘጋጅቶ ጠራኝ። ሰሞኑን ሞት የተፈረደባቸው ወንጀለኞች አሉ፤ የሕዝብ አስተያየት እንሰብስብ አለኝ። በአደባባይ ስቅላት ወይስ በጥይት? አንባቢ ይወደዋል አለ። መውደዱን አልተጠራጠርኩም። ሁለቱንም የማይፈልገውን ሰው የት ላስገባው አልኩት። ጥያቄው እሱን አይመለከትም አለኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መልሼለት ወጣሁ። ለሌላ ሰው ሰጥቶት በሳምንቱ ወጣ፤ ብዙ ሰው መልሷል።

ባለፈው ዓመት ቡሌ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። ሙሽራው አብሮኝ የታሰረው የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ነው። ሙሽሪት የታላቁ ሽማግሌ የልጅ ልጅ ናት። ሁለቱ ቤቶች የሚለያዩት በአንድ አጥር ነው፤ አጥሩ በአንዳንድ ቦታ አሁንም በዛገ ሽቦ የታሰረ ነው። ስለ ገመድ ያነሳ አልነበረም፤ ስለ ጥይትም። ዘግይቼ ስለደረስኩ ቆሜ ቦታ ስፈልግ አንድ ሽማግሌ አዩኝ። ማን እንደሆንኩ አያውቁም። ከጎናቸው ትንሽ ገለል አሉልኝና፣

«በልተሃል?» አሉኝ።