የአባቴ ቡዳን

አባቴን ከሉዊዚያና አምጥቼ ሎስ አንጀለስ፣ ፓልምስ ሰፈር ወዳለችው አፓርትመንቴ ሳስገባው ትልቅ ነገር ያደረግኩለት መስሎኝ ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ላፋየት የምትባለው ከተማ ውስጥ ብቻውን ቀርቷል። በወጣትነቱ ከአዲስ አበባ ለትምህርት የሄደባት፣ በነዳጅ መሐንዲስነት ሠርቶ ጡረታ የወጣባት ከተማ ናት። እናቴንና እኔን በኋላ ስላስመጣን እኔም ያደግኩት እዚያው ነው። ያኔ ሐበሻ የሚባል በጣት የሚቆጠር ነበር። ሎስ አንጀለስ ግን ፌርፋክስ የሚባለው የሐበሻ ሰፈር አለ፤ ቋንቋው አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ እንደሱ ተማሪ ሆነው የመጡ ጡረተኞች አሉ። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል አልኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደህና ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ፌርፋክስ አወርደዋለሁ፤ ከጓደኞቹ ጋር ይውላል። ከዚያ ግን መቀመጥ አቃተው። ሶፋው ላይ ቁጭ ይላል፣ ብድግ ይላል። ፍሪጁን ከፍቶ ቆሞ ያይና ምንም ሳያወጣ ይዘጋዋል። ምግብ ቤት ያዝዝና ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ትሪውን ይገፋል። ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ “ምንም የለበትም” አሉኝ። ሱሪው እየሰፋው ሄደ። እሱ በተንጎራደደ ቁጥር እኔም ሥራዬ ላይ ልቤ አይረጋም፤ በየሰዓቱ እደውላለሁ።

“አባዬ፣ አገር ቤት ደርሰህ ትመለስ እንዴ?” አልኩት አንድ ቀን።

“ማን አለኝና?” ብሎ መስኮቱን ከፈተው፤ ወዲያው መልሶ ዘጋው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ምሳ ተቀምጠን እንደልማዱ አልበላም አለ። በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰውዬ ተቆጡ።

“አንተ ሰው፣ ምን አምሮህ ነው? ተናገርና ይምጣልህ!”

አባቴ አቀርቅሮ “ቡዳን” አለ።

“ቡዳ?” አሉ ጋሼ። “ቡዳ በላኝ ነው የምትለው?” አጠገባቸው የተቀመጡት አማተቡ።

“ኖ፣ ኖ፣ ምግብ ነው። ሩዝና ሥጋ አንጀት ውስጥ ተሞልቶ…”

“የምን ሥጋ?”

አባቴ እንደገና አቀረቀረ። እኔ አውቃለሁ የምን ሥጋ እንደሆነ። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ነዳጅ ማደያው ጋ ይቆምና ትኩስ ቡዳን በወረቀት አስጠቅልሎ ይገዛል። መኪና ውስጥ ተደብቀን እንበላለን። “ለእናትሽ እንዳትነግሪ” ይለኛል። እናቴ የአሳማ ሥጋ ከሸተታት ቤቱን ጠበል ትረጭ ነበር።

“የበሬ ነው፣ ጋሼ” አልኳቸው።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝና ሳቁ አመለጠው። ከመጣ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም።

ከዚያ ፍለጋ ገባን። ቅዳሜ ቅዳሜ ድራይቭ እያደረግን የሉዊዚያና ምግብ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቤት ሁሉ ዞርን። አንዱ ቤት ጋምቦ ብለው ቀይ ነገር አቀረቡለት። ጋምቦ የሚባለው ወጥ ዱቄቱ በዘይት እስኪጠቁር ድረስ እንደ ቁሌት በትዕግሥት የሚማሰል ነው። አሸተተና ማንኪያውን አስቀመጠ። “ይሄ የቲማቲም ሾርባ ነው። እንሂድ።” ሌላው ቤት ደግሞ ከበር ተመለሰ።

በመጨረሻ አያቶቿ ከሉዊዚያና የመጡ የሥራ ባልደረባዬ አንዲት ሱቅ ጠቆመችኝ። ባልድዊን ሂልስ ከሚባሉት ኮረብታዎች ግርጌ፣ በልብስ ንጽሕና መስጫና በፀጉር ቤት መሐል የተሸጎጠች ጠባብ ሱቅ ናት። ገና ፓርክ ሳላደርግ አባቴ በሩን ከፈተ። ሽታው መንገድ ድረስ ይመጣል።

ከመደርደሪያው ኋላ ፀጉራቸውን በሻሽ ያሰሩ አሮጊት ቆመዋል። አባቴ አንድ ቡዳን አዞ ቆሞ ነከሰ፤ መሙያውን በጥርሱ ከአንጀቱ ውስጥ እየሳበ፣ ልክ እንደ ድሮው። ዓይኑን ጨፈነ።

“ከየት ነህ?” አሉት በእንግሊዝኛ።

“ከላፋየት።”

እዚህ አገር ይህን ሲል ሰው ሁሉ “ከዚያ በፊትስ?” ይለዋል። ሴትየዋ ግን “የቱ ሰፈር?” አሉት። ነገራቸው። የማደያውን ባለቤት ያውቁት ኖሯል። እሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስለ ላፋየት ጎርፍ፣ ክሮፊሽ ስለሚሉት ሸርጣን መሰል የውሃ እንስሳ፣ ስለ አንድ የሞተ ቄስ ሲያወሩ እኔ ሁለት ጊዜ ወጥቼ የፓርኪንግ ሰዓት ጨመርኩ።

ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እወስደዋለሁ፤ ጠግቦ ይመለሳል። መንጎራደዱ ግን ባሰበት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቅዳሜ ስንመለስ መኪና ውስጥ፣

“ልጄ፣ አገሬ ልሄድ ነው” አለኝ።

“አዲስ አበባ?”

“ላፋየት።”

ተናደድኩ። “ማን ያይሃል እዚያ? ብትወድቅስ? ወገኖችህ ያሉት እዚህ አይደለም እንዴ?”

“እወዳቸዋለሁ። ግን የሚያወሩልኝን አዲስ አበባ በወጣትነቴ ጥያት ወጣሁ። ቤቴን የሠራሁት እዚያ ነው። እናትሽን የቀበርኳት እዚያ ነው። ሴትየዋ ሰፈሬን ስትጠይቀኝ… ኦኬ፣ ይኸው ነው አልኩ። ለጎረቤቴ ደውያለሁ፤ ቤቱን ከፍቶ እያናፈሰልኝ ነው።”

ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍኩት። ከዚያ ግን ትኬቱን እኔው ቆረጥኩለት፤ ኤርፖርትም እኔው አደረስኩት። ፍተሻውን ሲያልፍ ዞሮ አላየም፤ ይቸኩል ነበር።

ጎረቤቱ እንደሚነግረኝ ሱሪው ጠቦታል። ስደውልለት ብዙ አያወራኝም፤ ወቅቱ የክሮፊሽ ስለሆነ ግቢ ውስጥ ተሰብስበው በበርበሬ ይቀቅላሉ። “እጄ በርበሬ ነው፣ ቆይቼ ልደውል” ይለኛል። ከኋላው የሰዎች ሳቅ ይሰማኛል።

እሱ አይደውልም። እኔም እንደሱ ስልኩን ይዤ ቁጭ እላለሁ፣ ብድግ እላለሁ። ከዚያ የመኪናዬን ቁልፍ አነሳና፣ ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ እወጣለሁ።