የአቶ ባሳ እናት እጅ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው እጄ ሥራ ይዞ፣ ድንጋይ እየለየሁ ነበር። አክስቴ ዘነበች፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከሶዶ ወደ ሻንቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ሁለት ክፍል ቤት ነበራት፤ በአንደኛው ትተኛለች፣ በሌላው ከከበረ ድንጋይ ስዕል ትሠራለች። እኔና ታናሽ ወንድሜ ምናሴ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እናታችን ሱቋን እስክትዘጋ እሷ ዘንድ እንቆያለን። ሰፈሩ መብራት የሚጠፋበት ስለነበር ፋኖሱ ሁልጊዜ ተወልውሎ ይጠብቃል። ከሰል ምድጃው ላይ ከስንዴ ዱቄት የተሠራው ሙጫ ቀስ እያለ ይንፈቀፈቃል፣ ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ የፍሙ ብርሃን ደግሞ ትሪ ላይ የተዘረጉት ድንጋዮች ላይ ሲያርፍ ወይን ጠጁም አረንጓዴውም የሚተነፍስ ይመስለን ነበር። ያን ክፍል ባሰብኩ ቁጥር ለምን እንደማዝን ነው የምነግራችሁ።

ስዕል ስል ቀለም እንዳይመስላችሁ። ከጥፍር ያነሱ ድንጋዮች አንድ በአንድ ተገጣጥመው ባለሀብት ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፉበት ሥራ ነው፤ ሞዛይክ ይሉታል። አክስቴ ሥራውን የተማረችው በልጅነቷ፣ ዱቦ አካባቢ ትኖር ከነበረች አንዲት የውጭ አገር መነኩሴ ነው። መነኩሴዋ ያስተማረቻት በወንዝ ጠጠር ነበር፤ በኦፓልና በሰንፔር ማሠራት ያመጡት ኋላ ላይ ገንዘብ ያገኙ ሰዎች ናቸው። ድንጋዮቹ ከአዲስ አበባ በላስቲክ ተቋጥረው ይመጣሉ፤ ነጋዴው የሚጠራበትን የፈረንጅ ስም ግን አክስቴ አትቀበለውም። ጴንጤ ናትና የዮሐንስን ራእይ በቃሏ ትወጣዋለች፤ መረግድ፣ ቢረሌ፣ ወራውሬ፣ አሜቴስጢኖስ እያለች ነው የምትጠራቸው። «መረግዷን አቀብዪኝ» ስትለኝ ቃሉን እንደ ከረሜላ አፌ ውስጥ እያገላበጥኩ አቀብላታለሁ። ጥቁሩ ባልጩት ብቻ ተበላ ከሚባለው ቆላ በማዳበሪያ ይመጣላታል፤ እሱ ስለት ስለሆነ ምናሴ እንዲነካው አይፈቀድለትም፣ ስለማይፈቀድለትም ዓይኑ ሁልጊዜ እሱ ላይ ነው።

አሠራሯ እንዲህ ነበር። ሰፊ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ታነጥፋለች፣ ስዕሉን በእርሳስ ትነድፋለች፣ ከዚያ እያንዳንዱን ድንጋይ የሚያምረውን ፊቱን ወደ ወረቀቱ ደፍታ ትለጥፈዋለች። ሥራው ሲያልቅ ወረቀቱ ከነድንጋዩ ይነሳና ሲሚንቶ የተቀባ ግድግዳ ላይ ይጫናል፤ ሲሚንቶው ሲይዝ ወረቀቱን በውሃ አርሰው ይልጡታል፣ ስዕሉም ፊቱን የሚያሳየው ያኔ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ በግራ በኩል ያለው ሁሉ ግድግዳው ላይ በቀኝ በኩል ይወጣል። አክስቴ ይህን ከመልመዷ የተነሳ ነገሩን ሁሉ ገልብጣ ነበር የምታስበው። አንዳንዴ መንገድ ለጠየቃት ሰው እንኳ በተሳሳተ እጇ ስታመላክት እኛ ከኋላዋ እንስቅ ነበር።

ተረቱን በወላይትኛ ነበር የምታወራልን። አባታችን «በአማርኛ አውሪላቸው፣ ለትምህርታቸው ይጠቅማቸዋል» ሲላት «አማርኛውን አንተ አስተምራቸው፤ እኔ ቤት ያለው ጅብ አማርኛ አይችልም» ትለው ነበር። እያወራች እጇ አያርፍም። ጦጣዋ ስታታልል ድንጋይ ታነሳለች፣ አንበሳው ሲታለል ትለጥፋለች፤ እኛ ያኔ ድንጋዩ ተረቱን እየጠጣ የሚያድር ይመስለን ነበር። ከተቁነጠነጥን «ምነው፣ ቁንጫ አለባችሁ?» ትለናለች። ለጸሎት ቤት ሰዎች ኮስታራ የነበረች ሴት እኛ ዘንድ ስትሆን እንደ ጅብ ታሽካካለች፣ እንደ ቀበሮ ዓይኗን ታጠባለች፤ እሷን ለመሰለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

እንግዲህ አቶ ባሳ የሚባሉ ነጋዴ ሶዶ ላይ ትልቅ ቤት አሠሩና ለሳሎናቸው የእናታቸውን ምስል አዘዟት። እናታቸው ካረፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ያመጡላት ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ከአንገት በታች ያለውን ከራሷ መፍጠር አለባት። «እንግዳ ሲገባ ምግብ ዘርግታ የምትቀበለው አድርገሽ ሥሪልኝ» አሏት። «እናቴ ሰው ሳታበላ ውላ አታውቅም።»

አክስቴ እስከዚያ ድረስ የሠራችው አበባና ወፍ፣ ግፋ ቢል በሬ ነበር። ሰው፣ ያውም ልጅ የሚያለቅስለት ሰው፣ ሠርታ አታውቅም። ፈራች። ይህ ከተሳካ ሰው የሚሠራ እጅ አላት ተብሎ ስሟ ከሶዶ እንደሚያልፍ ታውቃለች፤ ካልተሳካም ወሬው ከእሷ ቀድሞ ገበያ እንደሚደርስ ታውቃለች። ፎቶግራፉን ፋኖሱ አጠገብ አስደግፋ፣ ፊቱን አጌት ከሚባል ቡናማ ድንጋይና ማር ከሚመስል ወራውሬ ስትገጣጥም ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ትጸልይ ይሁን ሟቿን ታማክራቸው ይሁን አላውቅም። ቀሚሱን ነጭ ኦፓል አደረገችው። ክንዱንና ጣባውን፣ የምግቡን የሸክላ ሳህን፣ የያዘውን እጅ ለመጨረሻ አስቀረች።

የእጁ ተራ የደረሰ ዕለት ማምሻውን ገና ስንገባ «ዛሬ እጁን ነው የምሠራው፣ አታዋሩኝ» አለችን። ምናሴ እሺ ብሎ ጥግ ያዘ። እኔ ግን መቼ እሺ የምል ሆኜ። «አንዷን ብቻ፣ አጭሯን» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ደግሜ ጠየቅኳት። ቀሚሷን ይዤ ስነዘንዛት በመጨረሻ ሳቀች፤ «አንቺ ልጅ መዥገር ነሽ፤ አንዴ ከያዝሽ አትላቀቂም» አለችና ጀመረች።

አንድ ጅብ ሰው መስሎ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ቤት በእንግድነት ይገባል። ሴትዮዋ እሳት ዳር አስቀመጠችው፣ ቆጮ በቅቤ በጣባ አድርጋ በቀኝ እጇ ዘረጋችለት። ጅቡ የሰውን ወግ ሁሉ ተምሯል፤ ሰላምታውን ያውቃል፣ ስለ ከብቱ ስለ ዘመዱ ይጠይቃል፤ አንዲት ነገር ብቻ አልተማረም። ከጋቢው ውስጥ ያወጣው ግራ እጁን ነበር። ሴትዮዋ ጣባውን መለስ አደረገችና «እንግዳዬ፣ ሰው በየትኛው እጁ ነው የሚቀበለው?» አለችው። ጅቡ ደነገጠና ሁለቱንም ዘረጋ፤ ጋቢው ወደቀ፣ ጅራቱ ወጣ።

እዚህ ስትደርስ አክስቴ አንዲት የኦፓል ስባሪ በቀኝ እጇ ይዛ «እንኪ፣ ብዪ» ብላ ዘረጋችልኝ፤ እኔም ጅብ አለመሆኔን ለማሳየት በቀኜ ተቀበልኳት። ሳቅን። ከዚያ ያችኑ ስባሪ ከእጄ ወስዳ ወረቀቱ ላይ ለጠፈቻት።

ስዕሉ ግድግዳ ላይ በሚገለጥበት ቀን አቶ ባሳ ዘመድ ጠርተው ነበር። እኔም የአክስቴን ዕቃ ይዤ ገባሁ። ወረቀቱ ረጠበ፣ ከላይ ጀምሮ ተላጠ። ግንባር ወጣ፣ ዓይን ወጣ፣ ፊቱ ሲሞላ አቶ ባሳ «እማዬ» ብለው አፋቸውን ያዙ። ሴቶቹ አለቀሱ። አክስቴን አየኋት፤ ደስታዋን ለመደበቅ ወደ መሬት ታያለች። ከዚያ ክንዱ ወጣ፣ ጣባውም ወጣ። የሟች ታናሽ እህት የሆኑ አሮጊት ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉና ቀስ ብለው «ምነው ልጄ፣ በግራዋ ትሰጣለች እንዴ?» አሉ።

እኛ ዘንድ በግራ እጁ ምግብ የሚሰጥህ ሰው ወይ ንቆሃል ወይ ሊጣላህ ነው። እኔ ያኔ በልጅ አእምሮዬ ያሰብኩት ከዚህም የከፋ ነበር፤ ጅቡን አሰብኩ። ተረቱን በቀኝ እጇ እያሳየችኝ ሳለ መገልበጡን ረስታ ወረቀቱም ላይ ቀኝ አድርጋ ለጠፈችው አልኩ በልቤ። አክስቴ ግድግዳውን አየች፣ የገዛ እጆቿን አየች፣ አንዱን አንስታ መልሳ አወረደችው። አቶ ባሳ አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻል ነበር። «እናቴን አዋረድሽብኝ» ብቻ አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች አክስቴ። ተረት ንገሪኝ ብዬ የነዘነዝኳት እኔ ነኝ ለማለት አሰብኩ፣ ግን ዕቃዋን አቅፌ ከኋላዋ ተደበቅኩ።

ክንዱን በመሮ ፈልፍላ አወጣችው። ድንጋዩ ተሰባበረ፣ ሌላ መጣ፣ ሰው እየወጣ እየገባ በሚያያት ሳሎን ውስጥ ቆማ አዲስ ክንድ ሠራች። አዲሱ የእጅጌ ኦፓል ከአሮጌው ትንሽ ይነጣ ስለነበር እስከ ዛሬ ያየ ሰው ይለየዋል። ከዚያ በኋላ የሰው ምስል ያዘዛት አንድም ሰው የለም። ወደ አበባዋና ወደ ወፏ ተመለሰች።

እኛም እንደወትሮው ከትምህርት ቤት ስንመለስ እሷ ዘንድ እንገባ ነበር፤ ሙጫው ይንፈቀፈቃል፣ ፋኖሱ ይበራል፣ እኔ ድንጋይ እለያለሁ። ተረት ግን አልጠየቅኳትም። ምናሴ አፉን ሲከፍት ከጠረጴዛው ሥር እግሩን እረግጠዋለሁ፤ ውጭ ስንወጣ «ደግሞ ልታስወቅሳት ነው?» እለዋለሁ። እሷም አልጀመረችም። አንዳንድ ምሽት ቀና ብላ ታየኛለች፣ እኔ ደግሞ ዓይኗን ፈርቼ ትሪው ላይ አጎነብሳለሁ፤ ዝም በማለቴ የምክሳት መስሎኝ ነበር። እንዲያ እንዳለን አደግን።

አሁን ሥራውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ስልኬ ማንኛውንም ስዕል በአንድ ንክኪ ስለሚገለብጥልኝ እንደ እሷ መጨነቅ የለብኝም። አክስቴ ዓይኗ ደክሟል፤ አጠገቤ ተቀምጣ ድንጋዩን በጣቷ እየዳሰሰች ስሙን ትነግረኛለች፣ ብዙውን ጊዜ ትክክል ናት። ባለፈው ክረምት ለአንድ ሰው የሙሽራ ምስል እየሠራሁ የሙሽራዋ እጅ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ምነው?» አለችኝ።

«እጅ ላይ ስደርስ እፈራለሁ፣ አክስቴ» አልኳት። «ያኔ በኔ ተረት የደረሰብሽ ትዝ ይለኛል።»

«የምን ተረት?»

ነገርኳት። ጅቡን፣ ቀሚሷን ይዤ መነዝነዜን፣ ሁሉን። ግራ ተጋብታ ሰማችኝ።

«እጁንማ የነደፍኩት ጠዋት ነው» አለች። «እናንተ ትምህርት ቤት ሳላችሁ። ከፍርሃቴ ብዛት ወረቀቱን ሳገላብጥ ውዬ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። ማታ ድንጋዩን እርሳሱ ላይ መለጠፍ ብቻ ነበር። ተረቱ ባይኖር እንዲያውም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

የያዝኩትን ድንጋይ ትሪው ላይ መለስኩት። እሷ ግን አልጨረሰችም። «እኔማ ከዚያ ወዲያ ያፈራችሁብኝ ነበር የመሰለኝ» አለች። «ማታ ማታ አሁን ትጠይቀኛለች፣ አሁን ትጠይቀኛለች እያልኩ እጠብቅሽ ነበር። አንቺ ቀና አትዪም።»

«ለምን ራስሽ አልጀመርሽልንም ታዲያ?»

«ያፈረብሽን ሰው ተረት ትጭኝበታለሽ እንዴ?»

ልቤ ተሰበረ። ሙጫ የነካካውን እጄን ጉልበቷ ላይ አድርጌ እንደ ልጅ ለመንኳት፤ አሁን ንገሪኝ አልኳት፣ ሰምቼው የማላውቀውን ንገሪኝ። ፊቷ በራ። ተስተካክላ ተቀመጠች፣ በወላይትኛ ጀመረች፤ ሦስት እህትማማቾች ውሃ ሊቀዱ ወረዱ፣ ሁለቱ ቀድተው ሄዱ፣ ታናሺቱ ብቻዋን ቀረች፣ እንስራዋን ልትሸከም ስታነሳው ከሥሩ... እዚህ ላይ ቆመች። ጠበቅኳት። ጣቷ ትሪው ላይ ያለውን ድንጋይ ወዲያ ወዲህ ያደርጋል።

«ከዚያ ምን ሆነ?» አለችኝ። «ነግሬሽ አውቃለሁ?»

አልነገረችኝም። እሷ ዘንድ ሌላም ስንት ያልተጠየቀ ተረት እንደነበረ እንጃ፤ አሁን እሷም ረስታዋለች። ለምናሴ ደውዬ ተረቱን ያውቀው እንደሆነ ብጠይቀው «አንቺ አይደለሽ የረገጥሽኝ?» ብሎ ሳቀ፤ ለቀልድ ያለው ነው፣ እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ያልሠራሁትን ጥፋት ልክስ ብዬ ያን ሁሉ ምሽት አጠገቧ በዝምታ ፈጀሁት። ያች ልጅ እንስራዋን ስታነሳ ከሥሩ ምን እንዳገኘች ሳላውቅ እሞታለሁ።